ከቁልቋል በር እስከ ዘረት፤ የጦርነት መቃብር የማን ነው?

ከወረታ ተሳፍሮ ጎንደር የገባ ሁሉ ቁልቋል በርን አልፎታል። ከአዲስ ዘመን ወዲያ መንገዱ በኮረብቶች መካከል የሚሾልክበት በር ነው። አብዛኞቻችን እያንቀላፋን ወይም ከጎናችን ከተቀመጠው ሰው ጋር እየተጫወትን ነው የምናልፈው። እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ቦታው እስካነብ ድረስ እንዲያው ነበርሁ።

ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ በጄኔራል ናሲ የሚታዘዘው የጎንደር የጣሊያን ጦር ይህን በር ተነጠቀ። ከስድስት ቀን በኋላ ጎንደርም ተለቀቀች። አጥቂዎቹ በእንግሊዝ መኮንኖች የሚመሩ የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮችና የኛ አርበኞች ነበሩ። ተከላካዮቹ ደግሞ ካራቢኒዬሪዎችና ጥቁር ሸሚዞች፣ ከነሱም ጋር ከራሳችን ወገን የተመለመሉ ወታደሮች። የካራቢኒዬሪ ሠራዊት ያችን ቀን እስከ ዛሬ በየዓመቱ ኖቬምበር 21 ላይ ያስባታል። ለሞቱለት ሰው ማዘን ነውር የለውም። ግን ወገኖቼ፣ እዚያው ኮረብታ ላይ ከወደቁት አርበኞች የስንቱን ስም ትጠራላችሁ? እኔ የአንዱንም አልችልም።

ይህን ሐሳብ የቀሰቀሰብኝ የሰርጓጅ መርከብ ነገር ነው። (የፎገራ ልጅ ከጣና ታንኳ በቀር ምን መርከብ ያውቃል ትሉ ይሆናል፤ እውነታችሁን ነው።) እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ሕግ፣ ሰው ይዞ የሰመጠ የጦር መርከብ መቃብር ሆኖ ሊጠበቅ ይችላል። በዚህ ሕግ ከተከለሉት አንዷ ዩቢ 81 የተባለችው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ናት። በ1917 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ሰጠመች፤ ዛሬ ያለ ፈቃድ ማንም ጠልቆ አይነካትም። የጠላት መርከብ እኮ ናት! የእንግሊዝን መርከብ ለማስመጥ የወጣች! ዩኔስኮም በ2001 ባጸደቀው ስምምነት፣ ከውኃ በታች ላለ የሰው አፅም ተገቢው ክብር ይሰጥ ብሏል።

እንግዲህ ከባሕሩ ወጥተን ወደ መንዝ እንዝለቅ። በሰሜን ሸዋ፣ ዘረት ላይ፣ አመጸኛ ዋሻ የሚሉት ሰፊ ዋሻ አለ። በ1931 ዓ.ም. የራስ አበበ አረጋይ ወገኖች፣ ቁስለኛው፣ ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ ሳይቀር፣ ከነስንቃቸው እዚያ ተጠልለው ነበር። የጣሊያን ጦር ከበባቸው። መድፉና መትረየሱ አልበቃ ሲል የኬሚካል ጓድ ተጠራ። ከአውሮፕላን ቦምብ የተቀዳ ኢፕሪት፣ ማለት የሰናፍጭ ጋዝ፣ ወደ ዋሻው አፍ ወረደ። ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1925 ፈርማ ነበር፤ ፊርማው ወረቀት ላይ ቀረ። ጭፍጨፋው ከሚያዝያ 1 እስከ 3 ቀን ነው። ያን ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 1 ነበር። ሰው በሚፈስክበት ቀን እነዚያ በጨለማ ውስጥ ይታፈኑ ነበር ማለት ነው። ወጥተው እጃቸውን የሰጡት ወንዶች ተረሸኑ።

ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ጉዳዩን ከራሳቸው ጦር መዝገብ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ዋሻው ድረስ መጣ። የተረሸኑትን 800፣ ጠቅላላውን ሟች ከ1,200 እስከ 1,500 ያደርሰዋል። ከሱ በኋላ ጎንዛሌዝ ሩይባል፣ ዮናታን ሳህለና ሹርሾ አያን ዋሻውን አጥንተው በ2011 ጽፈዋል። የሰው አፅም፣ ቀለህና የሸክላ ዕቃ እዚያው መሬቱ ላይ ነበር። ጋዜጦች ‘ተገኘ’ አሉ። ኧረ መቼ ጠፋና! አገሬው እንደሆነ ዋሻውን በስሙ ሲጠራው ነው የኖረው።

የኔ ሐሳብ ይኸውና። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ አለን፤ ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል። መልካም ነው። ዘረት ግን እንደ ድንጋይ መሣሪያና እንደ አሮጌ ግንብ ብቻ መታየት የለበትም። እንደ ዩቢ 81 መቃብር ተብሎ ይከለል፤ በሩ ይጠበቅ፤ አንዲት አጥንት ሳትነሣ ያለችበት ቦታ በካርታ ይስፈር፤ የሟቾቹ ስም ከየቤተ ሰቡ እየተጠየቀ ይጻፍ። ሽማግሌዎቹ እያለቁብን ስለሆነ ከሁሉ የሚቀድመው የመጨረሻው ነው።

ይህን ለመንዜው የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ባነብለት ሳቀብኝ። «ፈረንጅ መርከቡን ባሕር ውስጥ የሚተወው ባሕሩ መቃብሩ ስለሆነ ነው» አለኝ። «የኛ ሰው መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ነው። ፍትሐት ሳይደረግለት፣ አፈር ሳይለብስ፣ በር ዘግታችሁ ካርታ ልታነሡበት ነው?»

ካህናቱ እዋሻው ደጅ ድረስ ሄደው ፍትሐቱን ያድርሱ፣ አፅሙ ግን ከወደቀበት አይነሣ፤ ከተነሣ የተፈጸመው ግፍ ማስረጃም አብሮ ይነሣል፣ ብዬ መለስሁለት። እሱ ግን «ማስረጃው ለናንተ ለተማሪዎቹ ነው፤ ለሟች ምኑ ነው?» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።