የሚኒያቸር ምስሎችን የገላ ቀለም በዲጂታል ሥዕል መንደፍ

ቀቢው ብሩሹን ከማንሳቱ በፊት የሚኒያቸሩን ፎቶ በኮምፒውተር ወይም በታብሌት ላይ ቀብቶ፣ ለፊቱና ለእጁ የሚሆነውን ቀለም የሚፈትንበት ዘዴ ነው። ምስሎቹ ከፕላስቲክ፣ ከሬዚን ወይም ከብረት ይሠራሉ፤ ለጠረጴዛ ጨዋታ የሚውሉት አብዛኛውን ጊዜ 28 ወይም 32፣ ለማሳያ የሚቀመጡት 54 ወይም 75 ሚሊ ሜትር ናቸው። በ28 ሚሊ ሜትር ምስል ላይ ፊቱ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። እዚያ ላይ ደጋግሞ መቀባት ቀለሙን እያወፈረ ዓይንና ከንፈሩን ይደፍናል፤ ሙከራው ስክሪን ላይ ቢያልቅ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ምስሉ መጀመሪያ ጥቁር ፕራይመር (መነሻ ቅብ) ይነፋበታል፤ ከዚያ ከአናቱ በኩል ነጭ ይረጭበታል። ነጩ ያረፈበት ብርሃን፣ ያልደረሰበት ጥላ ይሆናል። በዚህ መልኩ የተነሳው ፎቶ እንደ ክሪታ ወይም ፎቶሾፕ ባለ የሥዕል ፕሮግራም ተከፍቶ በላዩ አዲስ ሌየር (ንብርብር) ይጨመራል። ሌየሩ «መልቲፕላይ» በተባለው የማዋሃጃ ስልት ላይ ከተደረገ፣ ቀለሙ የሥሩን ብርሃንና ጥላ ሳያጠፋ ያልፋል።

ከጥቁር እስከ ነጭ የሰው ቆዳ በቀለም ክቡ ላይ በአብዛኛው ብርቱካን አካባቢ ነው የሚያርፈው፤ ልዩነቱ ይበልጡን በድምቀትና በጽልመት ነው። ሠዓሊዎች ግንባርን ወደ ቢጫ፣ ደም የሚበዛባቸውን ጉንጭ፣ አፍንጫና ጆሮ ወደ ቀይ፣ የወንድ አገጭን በጢሙ ሥር ምክንያት ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይወስዳሉ። ፈተናው ጠይምና ጥቁር ፊት ላይ ይጠነክራል። ጀማሪ ጥላውን በጥቁር፣ ብርሃኑን በነጭ ያበጀዋል፤ ፊቱ አመድ የነካው ይመስላል። ጥላው ወደ ወይን ጠጅ፣ ብርሃኑ ወደ ብርቱካን ሲሄድ ግን ቆዳው ይሞቃል። ግንባሩና የአፍንጫው ጫፍ ላይ ያለው ጠባብ ወዝ ደግሞ ሰማይን ስለሚያንጸባርቅ ቀዝቀዝ ያለ ነው። (ለረጅም ጊዜ «የሥጋ ቀለም» እየተባለ የተሸጠው ብልቃጥ የፈረንጅ ቆዳ ብቻ ስለነበር፣ ጠይም ፊት የፈለገ ራሱ መቀየጥ ነበረበት።)

የተነካውን ነጥብ ቀለም ለይቶ የሚያሳየው የፕሮግራሙ የቀለም መልቀሚያ መሣሪያ ዓይንን ያርማል። ፎቶ ላይ ቀይ የመሰለ ጉንጭ ሲለቀም ደብዛዛ ቡኒ ሆኖ ይገኛል፤ ያቀላው ጎረቤቱ ያለው አረንጓዴ ልብስ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኤዤን ሼቭረል ቀለም በጎረቤቱ የተነሳ ሌላ መስሎ እንደሚታይ በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ በስፋት አብራርቷል።

ስክሪኑም ግን ያታልላል። ስክሪን ብርሃን ያወጣል፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው የቀለም ዱቄት ብርሃን ይውጣል። ሰማያዊና ቢጫ በብዙ ፕሮግራሞች እኩል ሲቀየጡ ግራጫ፣ ብሩሽ ላይ ሲቀየጡ አረንጓዴ ይሆናሉ። አክሪሊክ ደግሞ ሲደርቅ ይጠቁራል። ስለዚህ ከንድፉ የሚወሰደው የትኛው ከየትኛው እንደሚደምቅና እንደሚሞቅ ነው፤ ቅይጡ ግን ፕራይመር በተነፋበት የፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ ምስሉ በሚቀባበት መብራት ሥር ይታያል።