ሰክሯል የሚባለው ስንት ላይ ነው?

አሜሪካ ያላችሁ ዲዩአይ ሲባል ትደነግጣላችሁ። ግን ቁጥሩ ከየት መጣ? ድሮ ፖሊሱ «ሲንገዳገድ አየሁት» ይላል፣ ጠበቃው «ደክሞት ነው» ይላል፣ አለቀ። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ሮላ ሃርገር ታዲያ ፊኛ የሚያስነፋ መሣሪያ ሠራ፤ ትንፋሹ አልኮል ካለው ወይን ጠጅ መልክ ያለው ፈሳሽ ቀለሙን ይለቃል። በ1939 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ኢንዲያና ቁጥር ሕግ ውስጥ አስገባች፦ በደሙ 0.15 በመቶና ከዚያ በላይ የተገኘበት እንደ ሰካራም ይቆጠራል፤ ከ0.05 በታች ከሆነ አልሰከረም። 0.15 እኮ በደንብ የጠጣ ሰው ነው!

ቁጥሩን ያወረደው ሳይንስ ብቻ አይደለም። በ1980 ሰክሮ የሚነዳ ሰው ልጇን የገደለባት ካንዲ ላይትነር እናቶችን አሰባሰበች። ሕጉ የየስቴቱ ስለሆነ ዋሽንግተን በገንዘብ መጣችባቸው፦ በ1984 የመጠጥ ዕድሜን 21 ያላደረገ፣ በ2000 ደግሞ 0.08ን ያልተቀበለ ስቴት ከፌዴራል የመንገድ በጀቱ ይቆረጥበታል ተባለ። በ2004 ሁሉም ገቡ። ቅጣቱ ግን እስከ ዛሬ ለየቅል ነው፤ ዊስኮንሲን ውስጥ የመጀመሪያው ጥፋት ብዙውን ጊዜ ወንጀል እንኳ አይባልም።

ዩታ በ2018 ማብቂያ ላይ 0.05 አደረገችው። ኢንዲያና ከሥሩ ያለውን «አልሰከረም» ትል የነበረበት መስመር ማለት ነው።