አየር ሲያልቅባችሁ ከውሃ ውስጥ እንዴት ትወጣላችሁ? የአምቦ ውሃ ጠርሙስና የደንዲ ሐይቅ ምን አገናኛቸው?

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ክዳኑ ሳይነካ ጸጥ ያለ ነው። ቶሎ ስትከፍቱት ግን ይገነፍላል። ጋዙ ቀድሞም እዚያው ነበር፤ አፍኖ የያዘው ግፊቱ ነው። ቀስ አድርጋችሁ ከከፈታችሁት እጃችሁ ላይ አይፈስም።

አየር በጀርባው ተሸክሞ የሚጠልቅ ሰው (ስኩባ የሚባለው) ደም ውስጥም የሚሆነው ከዚህ ብዙ አይለይም። ጥልቅ ቦታ ሲተነፍስ ናይትሮጅን ደሙና ሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ቶሎ ከወጣ አረፋ ይሆናል። መገጣጠሚያ ያማል፣ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ ሲብስ ሽባ ያደርጋል። ዲኮምፕሬሽን ሲክነስ ይሉታል።

ከዚህም የሚፈጥነው የሳንባ አደጋ ነው። ባሕር ውስጥ 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው 2 እጥፍ ነው። እዚያ ሳንባችሁን በአየር ሞልታችሁ፣ ትንፋሽ ይዛችሁ ብትወጡ አየሩ 2 እጥፍ ልሁን ይላል። ሳንባ ደግሞ ፊኛ አይደለም፤ ይቀደዳል። አየሩ ደም ውስጥ ገብቶ አንጎል ከደረሰ ሰውየው ውሃው ላይ ብቅ ባለ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ የስኩባ የመጀመሪያው ሕግ አንድ ነው፦ ትንፋሽ አይያዝም። በቃ።

እሺ፣ አየሩ አለቀ እንበል። መጀመሪያ ቁሙ። ከዚያ ጓደኛችሁን ፈልጉ። ምልክቱ እጅን ዘርግቶ ጉሮሮ ላይ እንደ ቢላ ማመላለስ ነው። (አውራ ጣት ማንሳት ውሃ ውስጥ ላይክ አይደለም፤ «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ነው።) ጓደኛችሁ ትርፍ መተንፈሻ ይዟል፤ እሱን አፋችሁ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ተያይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ትወጣላችሁ። ከሁሉም የተሻለው መንገድ ይሄ ነው። ብቻን መጥለቅ የሚከለከለውም ለዚህ ነው።

ጓደኛ ሩቅ ከሆነና ጥልቀቱ 9 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እየዋኙ መውጣት ይቻላል። ቀና ብሎ ወደ ላይ እያዩ፣ አንድ እጅ ከራስ በላይ ዘርግቶ፣ መንገዱን ሁሉ «አአአአ» እያሉ አየር ማስወጣት ነው። ድምፁ ለቀልድ አይደለም፤ «አአአ» የሚል ሰው ትንፋሽ መያዝ አይችልም። መተንፈሻውን ከአፋችሁ አታውጡ፤ ከፍ ስትሉ ግፊቱ ስለሚቀንስ ከጋኑ ጥቂት አየር ሊመጣ ይችላል። ፍጥነቱስ? በደህና ጊዜ በደቂቃ 9 ሜትር ይመከራል፣ 5 ሜትር ላይም 3 ደቂቃ ይቆማል። አየር ካለቀ ማቆሙ ይቀራል፤ ፍጥነቱ ግን በደቂቃ ከ18 ሜትር ባያልፍ ነው። ከዚያ በላይ ጥልቅ ከሆነ የመጨረሻው አማራጭ የክብደት ቀበቶን ጥሎ መንሳፈፍ ነው፤ ፍጥነቱን መቆጣጠር ስለሚያቅት በእርግጥም የመጨረሻው ነው።

ወደ ላይ የሚገፋ ነገር ሁሉ አያድንም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም ተጠልፎ ነዳጅ የጨረሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ አረፈ። ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ አለቁ። አንዳንዶቹ የነፍስ አድን ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ ነፍተውት ስለነበር፣ ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው ገፋቸው፤ ጠልቀው በሩን ማግኘት አልቻሉም። የበረራ አስተናጋጆች «ጃኬቱን ከወጣችሁ በኋላ ንፉ» የሚሉት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን። የጭልሞ ደን ያለበት የደንዲ ወረዳ፣ ስምንት ቁጥር የሚመስለው የደንዲ ሐይቅም ቤት ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ጎረቤቱ ወንጪም እንደዚያው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ስናሰላው፣ ደንዲ ላይ ከ10 ሜትር የሚወጣ ሰው ሳንባ ውስጥ ያለው አየር የሚለጠጠው 2 ሳይሆን 2.4 እጥፍ ገደማ ነው። ለባሕር የተሠራ የመጥለቂያ ሰንጠረዥ እዚህ አያገለግልም፤ ከ300 ሜትር ከፍታ ጀምሮ ሌላ ስሌት ያስፈልጋል። ደግሞ ሁለቱም ሐይቆች እሳተ ገሞራ በሠራው ጎድጓዳ ውስጥ ናቸው፤ ከውሃው ወጥታችሁ ወደ ቤት ስትሄዱ ዳገት ትወጣላችሁ፣ ግፊቱም እንደገና ይቀንሳል።

ጅቡቲ ወይም ግብፅ ሄዳችሁ ለምትጠልቁም ጉዳዩ ያው ነው። አንዴ ብቻ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከደጋገማችሁት 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን አይወጣም። «እኔ በባቡር ነኝ» አይሠራም፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲመጣ ባቡሩም ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል።

እናንተ ግን ስኩባ የለበሳችሁ አይደላችሁም፣ ላይ ተንፍሳችሁ ነው የምትጠልቁት? ያኔ ሳንባ አይቀደድም፤ የያዛችሁት አየር ሲወጣ ወደ ነበረበት ልክ ነው የሚመለሰው። የእናንተ አደጋ ሌላ ነው። ከመጥለቅ በፊት ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያራግፋል። «ተንፍስ» የሚለን ደግሞ እሱ ነው፤ ኦክስጅኑ እያለቀ ሳይታወቃችሁ ራሳችሁን ትስታላችሁ፣ ብዙ ጊዜም ለመውጣት ትንሽ ሲቀራችሁ። ገንዳ ውስጥም ይሆናል።

ጓደኛችሁ ከወጣ በኋላ ከደነዘዘው፣ ካዞረው ወይም ካመመው በጀርባው አስተኙት፣ ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጠው፣ ወደ ውሃው አይመለስ። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል 24 ሰዓት አትለዩት። ሕክምናው የግፊት ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ቅርብ ያለው የት እንደሆነ ሳትጠልቁ ጠይቁ። ሐኪም ጋ ስትደርሱ ደግሞ ሦስት ነገር ንገሩ፦ ስንት ሜትር እንደጠለቀ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ በምን ፍጥነት እንደወጣ።