ከ«አደጋ ጣለ» ወደ «አደጋ ደረሰ»

ዛሬ «አደጋ» የሚለውን ቃል ስንሰማ በሐሳባችን የሚመጣው የተገለበጠ መኪና ነው፤ ማንም ያላሰበው፣ ማንም ያልፈለገው ነገር። አያቶቻችን ግን ቃሉን የሚያውቁት በሌላ ፊቱ ነበር። ለእነርሱ አደጋ የሚጣል ነገር ነው። የሚጥለውም መንገዱን አስጠንቶ፣ ሌሊቱን መርጦ የሚመጣ ባላንጣ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አርበኞች በጣሊያን ምሽግ ላይ አደጋ ሲጥሉ ሳያስቡት አልነበረም። ያላሰበው ምሽግ ውስጥ የተኛው ጠላት ብቻ ነው።

ታዲያ ቃሉ እንዴት ዞረ? እንደሚመስለኝ ድንገተኛነቱ ቀረና አሳቢው ወጣ። መኪና በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ እየቆየም በመንገድና በፋብሪካ የሚደርሰው ጉዳት ስም ፈለገ። ግሡም አብሮ ተለወጠ። «ጣለ» ሲባል «ማን?» ብሎ መጠየቅ አይቀርም። «ደረሰ» ግን ነገሩን በራሱ እግር የመጣ እንግዳ ያስመስለዋል። (ፖሊስ «አደጋ ያደረሰው ሹፌር» ማለቱን አልዘነጋሁም።)

ሕጉ በዚህ አልተታለለም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሆን ብሎ ማድረግን ከቸልተኝነት ሲለይ፣ ቸልተኝነትንም በነጻ አልለቀቀውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለመኪናው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል።

ቃሉ በዚህም አልቆመም። በ1987 ዓ.ም. የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ሲቋቋም ድርቅና ረሃብም በመሥሪያ ቤት ቋንቋ አደጋ ሆኑ። እዚህ ላይ ቅር ይለኛል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ዝናቡን ያስቀረ ሰው አልነበረም፤ ወሬውን ያፈኑ ባለሥልጣናት ግን ነበሩ።