አፈሩን የሚያስመረምረው ማን ነው?

በ1953 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ግዛት የናያጋራ ፎልስ ከተማ የትምህርት ቦርድ አንድ ሰፊ መሬት በአንድ ዶላር ገዛ። ሻጩ ሁከር የተባለ የኬሚካል ኩባንያ ነበር። ቦታው ዊሊያም ላቭ የተባለ ሰው በ1890ዎቹ ለኃይል ማመንጫ ብሎ ማስቆፈር ጀምሮ የተወው ቦይ ነው። ኩባንያው ከ1942 ጀምሮ ከ20 ሺህ ቶን በላይ የኬሚካል ቆሻሻ ጣለበትና አፈር አለበሰው። የሽያጭ ውሉ መሬቱ በኬሚካል ተረፈ ምርት የተሞላ መሆኑን፣ ለሚደርሰው ጉዳትም ኩባንያው እንደማይጠየቅ ይናገራል። ቦርዱ ይህን እያወቀ ፈረመ። ትምህርት ቤት ሠራበት። ዙሪያውንም የሠራተኛ ቤተሰቦች መኖሪያ ሞላው።

የተቀበረው ነገር ወደ ምድር ቤቶች ዘልቆ ገባ። በ1978 የሰፈሩ እናቶችና አባቶች በሎይስ ጊብስ አስተባባሪነት ጮኹ። በዚያው ነሐሴ ግዛቱ፣ በቀናት ልዩነት ደግሞ ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። የሰፈሩ ስም ላቭ ካናል ነው፤ በአሜሪካ የመርዛማ መሬት ታሪክ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ነው።

ካርተር በታኅሣሥ 1980 ሱፐርፈንድ የሚባለውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ጥርስ ነበረው። የበከለው ብቻ ሳይሆን የተበከለውን መሬት የያዘውም ሰው ለጽዳቱ ወጪ ሊጠየቅ ይችላል፤ ብክለቱ ከሕጉ በፊት የደረሰ ቢሆንም እንኳ። ከላቭ ካናል በኋላ እንዲህ ያለ ሕግ መውጣቱ ማንንም አያስገርምም።

ጣጣው የመጣው በሌላ በኩል ነው። በ1980ዎቹ የብረትና የማሽን ፋብሪካዎች በየከተማው እየተዘጉ ነበር። የተዘጋ ፋብሪካ ለመግዛት ያሰበ ሰው ጠበቃውን ሲያማክር መልሱ አጭር ነው፦ ከነዕዳው ትገዛዋለህ። ባንኮችም ብድር ለመስጠት ፈሩ። ባለሀብቱ ከከተማ ወጥቶ ምንም ያልተሠራበትን የእርሻ መሬት መረጠ።

የአሮጌው ፋብሪካ ባለቤትስ? እሱ መሬቱን ባያስመረምር ይሻለው ነበር። ያልተመረመረ መሬት የሚጠረጠር መሬት ነው እንጂ የተበከለ አይባልም። ናሙና ወስዶ ቤተ ሙከራ ከላከ ግን ውጤቱ በጽሑፍ ይመጣል፤ በጽሑፍ የመጣ ነገር ደግሞ ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ በሩን ቆልፎ መቀመጥ ሞኝነት ሳይሆን ስሌት ነበር። ከእነዚህ ግቢዎች ብዙዎቹ እምብዛም ያልተበከሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ማን ይወቅ? አጥሩ ዝጎ፣ መስኮቱ ተሰብሮ፣ የሰፈሩ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ከነጥርጣሬው ዓመታት ያስቆጥራል። ገበያው ይህን ቋጠሮ በራሱ የሚፈታበት ምክንያት አልነበረውም፤ ማወቅ የሚጎዳው አንዱን ወገን፣ የሚጠቅመው ግን ከተማውን ሁሉ ነበርና።

የፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1993 የሞከረው ይህንን ነው። የመጀመሪያውን ድጋፍ የሰጠው ክሊቭላንድ ለምትገኝበት ለካያሆጋ ካውንቲ ነበር፤ በ1969 በነዳጅና በቆሻሻ የተሸፈነው ወንዟ በእሳት የተያያዘባት ያቺው ክሊቭላንድ። ብሩ 200 ሺህ ዶላር ነው። በመንግሥት በጀት ዓይን ምንም አይደለም፤ አንድ ግቢ እንኳ በወጉ አያጸዳም። ለምርመራ ግን ይበቃል።

ምርመራው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው መሬት አይቆፈርም፤ አሮጌ ካርታና መዝገብ ይገለበጣል፣ የቀድሞ ሠራተኞች ይጠየቃሉ፣ ግቢው በእግር ይታያል። ጥርጣሬው ከጸና በሁለተኛው ደረጃ ይቆፈራል፣ የአፈርና የከርሰ ምድር ውኃ ናሙና ይመረመራል። ዋጋ የሚያስከፍለው ይሄኛው ነው።

በጥር 2002 ፕሬዚዳንት ቡሽ የፈረሙት ሕግ ድጋፉን ቋሚ አደረገው። ከመግዛቱ በፊት ተገቢውን ምርመራ ያደረገና ግዴታዎቹን የሚጠብቅ ገዢም ሌላው ለበከለው እንዳይጠየቅ ከለላ ሰጠ። ድጋፉ መሬቱን ለበከለው አካል አይሰጥም። ይህ ባይኖር ኖሮ ፕሮግራሙ የበካዮች ጡረታ በሆነ ነበር። በ2021 የመሠረተ ልማት ሕግ ደግሞ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ተጨመረለት። ብዙ ይመስላል፤ ኤጀንሲው ራሱ የሚገምተው ግን በአገሪቱ ከ450 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ቦታዎች እንዳሉ ነው። ብሩ ለሁሉም እኩል ቢካፈል ለአንዱ ቦታ ከ3,400 ዶላር ያነሰ ይደርሰዋል።

ለዚህም ነው ገንዘቡ በውድድር የሚሰጠው። ውድድር ሲሆን ማመልከቻ የሚጽፍ ባለሙያ ያለው ከተማ ይቀድማል፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ግብር ከፋዩንም ባለሙያውንም ያጣው ከተማ ወደ ኋላ ይቀራል። ምርመራው ተደርጎ መርዝ ሲገኝም ሌላ ጥያቄ ይመጣል። የጽዳት ድጋፍ ለብቻው ይጠየቃል፣ ለብቻውም ሊከለከል ይችላል። እስከዚያ ድረስ ነዋሪው ከአጥሩ ማዶ ምን እንዳለ በስም ያውቃል፤ መሬቱ ግን እዚያው ነው።