የፈረንሳይኛ ግሥና ዝምተኞቹ ፊደላት

ጅቡቲን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የምድር ባቡር ለብዙ ዘመን ሥራውን ያካሂድ የነበረው በፈረንሳይኛ እንደ ነበረ ይታወቃል። ቋንቋውን በዚያም ሆነ በትምህርት ቤት የተማረ ሰው አስቀድሞ የሚያደናግረው የግሡ እርባታ ነው። «ይናገራል» ለማለት «ኢል ፓርል» ይባላል፤ «ይናገራሉ» ለማለትም ያው «ኢል ፓርል» ነው። በጽሕፈት ግን የብዙ ቁጥሩ ግሥ በመጨረሻው «ኤን» እና «ቴ» የተባሉትን ሁለት ፊደላት ይጨምራል። ጆሮ የማይሰማውን እጅ እንዲጽፍ የተገደደው ስለ ምን ይሆን?

ምክንያቱ በታሪክ ይገኛል። ፈረንሳይኛ ከላቲን የተወለደ ልሳን ሲሆን፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ተናጋሪዎች የብዙ ቁጥሩን ግሥ የመጨረሻ «ት» ያሰሙ ነበር። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ግን የቃል መድረሻ ተነባቢዎች ቀስ በቀስ፣ በኋላም ደካማው አናባቢ ከአንደበት ጠፉ። ጸሐፊዎች ግን የቀድሞውን አጻጻፍ አልተዉም።

ሆኖም ዝም ያሉት ፊደላት ጨርሰው አልሞቱም። «ይደርሳል» የሚለው ቃል በቀለም ሲከፈል «ኢ–ላ–ሪቭ» ይሆናል፤ «ይደርሳሉ» ሲባል ግን «ኢል–ዛ–ሪቭ» ይባላል። ግሡ በአናባቢ ስለሚጀምር የተውላጠ ስሙ ዝምተኛ ፊደል «ዝ» ሆኖ ወደ ተከታዩ ቀለም ይሻገራል፤ የቁጥሩም ልዩነት በዚህች ድምፅ ብቻ ይታወቃል። «ይደርሳሉን?» ተብሎ ሲጠየቅም የጠፋችው «ት» ተመልሳ «አ–ሪቭ–ቲል» ይባላል። የነጠላው ጥያቄ ይህች ፊደል አልነበረችውም፤ በሌሎች ግሦች አምሳያ ገብታበት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጸንታ ቀረች።

አጻጻፉን ከአነጋገሩ ጋር ለማስማማት የተነሡ ሰዎች አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1539 ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ የፍርድ ቤት ሰነዶች በፈረንሳይኛ እንዲጻፉ ካዘዘ በኋላ፣ በ1550 ሉዊ ሜግሬ እንደ ድምፁ የተጻፈ የሰዋስው መጽሐፍ አወጣ። አሳቡ ግን ተቀባይ አላገኘም። በ1635 የተቋቋመው የፈረንሳይ አካዳሚ አባል የነበረው ሜዝሬ በ1673 ባዘጋጀው የአጻጻፍ ደንብ ረቂቅ፣ አሮጌው አጻጻፍ የተማሩትን ካልተማሩትና ከተራ ሴቶች የሚለይ በመሆኑ ሊጠበቅ ይገባል የሚል አሳብ ሰፈረ። እንግዲህ ክርክሩ የፊደል ብቻ ሳይሆን፣ የጽሕፈት በር ለማን ይከፈት የሚል ጭምር ነበር ማለት ነው።

በሩ የተከፈተው በጥቂት በጥቂቱ ነው። «ነበረ» የሚለው ግሥ «ኤቴ» እየተባለ ሲነገር ከኖረ በኋላ በድምፁ መሠረት እንዲጻፍ ቮልቴር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቢወተውትም፣ አካዳሚው በመዝገበ ቃላቱ የተቀበለው በ1835 ነበር። ደካማው አናባቢ በመጥፋቱ ሦስቱ ቀለማት «ሴ–ደ–ራ» ወደ ሁለት ወርደው «ሴድ–ራ» የሆኑበት የ«ይለቃል» ግሥ ደግሞ፣ የመጀመሪያው ቀለም አናባቢ ምልክት በአነጋገሩ መሠረት እንዲለወጥ የተፈቀደው በ1990 ነው። የብዙ ቁጥሩ ዝምተኛ መድረሻ ግን አልተነካም።

አማርኛ አንባቢ በዚህ ሊገረም አይገባውም። «ይበላል» ብለን ስንጽፍ፣ ቃሉ ላልቶ ወይም ጠብቆ መነበቡን ፊደሉ አያሳይም፤ የሚለየው አንባቢው ነው። በእኛ ዘንድ አንባቢ ያልተጻፈውን ይጨምራል፤ በፈረንሳይኛ ደግሞ የተጻፈውን ይተዋል። ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ ቀለማቱን በጆሮው ቢለይ፣ ቀጥሎም የፊደሉን ታሪክ ቢያውቅ፣ እርባታው ዕዳ መሆኑ ቀርቶ ትርጉም ያለው ይሆንለታል።