የደመወዝ ጣሪያ (ስፖርት)

የደመወዝ ጣሪያ በፕሮፌሽናል ስፖርት አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ የሚከፍለውን ከፍተኛ ገንዘብ የሚወስን ደንብ ነው። ሁለት ዓይነት አለው፦ የግል ጣሪያ የእያንዳንዱን ተጫዋች ደመወዝ ይገድባል፤ የቡድን ጣሪያ ደግሞ የክለቡን ጠቅላላ ክፍያ።

በአውስትራሊያ የራግቢ ሊግ የቡድን ጣሪያ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። የሊጉ ክለብ ሜልቦርን ስቶርም ጣሪያውን በድብቅ ክፍያ በመጣሱ በ2010 እ.ኤ.አ. የ2007 እና የ2009 ዋንጫዎቹን ተነጥቋል።

በኢትዮጵያ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦች በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ምክንያቱ የደመወዝ መናርና የክለቦች የገቢ ምንጭ ነበር፤ ባሕር ዳር ከነማን ጨምሮ ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። በኋላ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ለ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ክለቦች ለተጫዋቾች የሚያወጡትን ጠቅላላ ክፍያ የሚገድብ መመሪያ አወጣ።

የጣሪያው ፍትሐዊነት በሁለት ወገን ይመዘናል። ደጋፊዎቹ የሕዝብ ገንዘብን ከብክነት እንደሚጠብቅና ሀብታም ክለቦች ተሰጥኦን ጠቅልለው እንዳይወስዱ እንደሚከላከል ያስረዳሉ። ተቃዋሚዎቹ የተጫዋች የሥራ ዘመን አጭር መሆኑን፣ የመደራደር መብቱ መጥበቡንና ከውል ውጪ የሚፈጸም ክፍያ መበረታታቱን ያነሳሉ። የግል ጣሪያ ሸክሙን በተጫዋቹ ላይ ሲያሳርፍ፣ የቡድን ጣሪያ ተጠያቂነቱን ለክለቡ ይሰጣል። ሁለቱም ውጤታማ የሚሆኑት በሂሳብ ምርመራና ለሁሉም እኩል በሚጸና ቅጣት ሲደገፉ ነው።